ከደጀ ሰላሙ የቀረው አባቴ

አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመ ጊዜ እኔ ጻድቅ የሆነ መስሎኝ ነበር።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። መንደራችን አምበርን አልፎ ወደ ዲማ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነበረች፤ ደብራችን ሚካኤል ደግሞ ከመንደሩ በላይ፣ ጥድ በከበበው ጉብታ ላይ። የነፍስ አባታችን ቄስ አካለ ወልድ ለእኛ ለልጆች የቅዱሳንን ነገር ሲያወጉን፣ ጻድቅ ሰው ጥቂት ይበላል፣ ጥቂት ይናገራል፣ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ይቀመጣል ይሉን ነበር። አባቴ አስማማው በዚያ ክረምት ይህን ሁሉ ያደርግ ነበር። ከገበታው ሁለት ሦስቴ ጎርሶ ይነሣል። እናቴ ስትጠይቀው ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል። እሑድ ደወል ሲደወል እኛ ወደ ሚካኤል ስንወጣ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወንዙን ይሻገርና ከማዶው ተዳፋት፣ ከአንዲት ብሳና ሥር ቁጭ ይላል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያ አይነሣም። አንገቱ ላይ ማተቡ የለም። ያችን ጥቁር ክር ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ አውልቋት አያውቅም ነበር፤ ክሯ በነበረችበት ቦታ ፀሐይ ያልነካው ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ሁሉን የተወ ሰው ማተቡንም ይተዋል ብዬ አሰብሁ።

ምንጭ ስንወርድ ለጓደኞቼ ነገርኋቸው። «አባዬ ባሕታዊ ሊሆን ነው።»

«ባሕታዊ ሚስት የለውም» አለችኝ የጎረቤታችን የእትዬ የብርጓል ልጅ።

«የእኛ አለው።»

«ልጅም የለውም።»

«የእኛ አለው አልሁሽ!» ብዬ ውሃ ረጨኋት።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ከሠራ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ የሽዋስ፣ ዱር ከገቡት አንዱ ነው። በጾም ቅዳሴ ስለሚዘገይ ከቤተ ክርስቲያን የወጣነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር። ቄስ አካለ ወልድ ሕዝቡን «ቆዩ» ብለው ደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆሙ። የእጅ መስቀላቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጾሙ ውለው አቅም አጥተው ነው ብዬ አዘንሁላቸው።

«ዱር ገብተው መንግሥትን የሚወጉ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ቀጥኖ ነበር፤ «እነሱንም የሚያበሉ፣ የሚያጠጡ፣ የሚደብቁ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዙ ይሁኑ!»

ሕዝቡ ከካህን አፍ ለወጣ ቃል የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። አሜን አለ። የሁሉም አፍ ካለ በኋላ ነው ጆሮው የሰማው። ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲሰበስቡ አየሁ። አባቴ ግን አሜን አላለም። በልጅነቱ ድቁና ተምሮ ብዙ ዘመን ቀድሷል፤ ለካህን ቃል ሳይመልስ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮው ደርቆበት መሰለኝ።

በኋላ ካደግሁ ወዲህ ነው እናቴ የነገረችኝ። ከቄሱ ጀርባ፣ ከደጀ ሰላሙ ክፍል ውስጥ፣ መሣሪያ የደገኑ ሁለት ባንዶች ነበሩ። ጠዋት ጣሊያኑ ሹም ራሱ መጥቶ ወይ ይህ ቃል ይነገራል ወይ ቤተ ክርስቲያኑ ይቃጠላል ብሎ ሄዷል። እጃቸውን ያንቀጠቀጠው ጾም አልነበረም።

አጎቴ የሽዋስ ወደ ቤታችን የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ማለዳ ነው። ጎፈሬው ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጭስና የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ሁልጊዜ ሲመጣ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አገጬን ብቻ ነካ አደረገና ከአባቴ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እንዲፈቱኝ መጥቻለሁ» አለ።

«ማን አሰረህ?»

«ታውቃለህ እኮ። ቄስ አካለ ወልድ።»

አባቴ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ ትዝ አይለኝም። «አንተ ሰው፣ ያ እኮ የጣሊያን ቃል ነው። በቄስ አፍ ስለወጣ የእግዜር ይሆናል?»

«አንተ ተምረሃል፤ ትለየዋለህ። እኔ ግን ቄስ ያሰረውን ቄስ ይፈታዋል ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ተው፣ የሽዋስ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰዎች አሉ።»

«ስንት ጥይት ሲያልፈኝ አልፈራሁም፤ ጓዶቼን ጠይቃቸው። ጥይት ቢመታኝ ግን ወዴት ነው የምሄደው? ተወግዤ መሞት አልችልም ጋሼ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔ ነግሬሃለሁ እኮ፤ እግዚአብሔር ሰሚ ነው፣ ያውቃል...»

«አንተ ቄስ አይደለህም» አለው አጎቴ፣ በፍቅር።

ጠመንጃውን ለአባቴ ሰጠው። መሣሪያ ይዞ ደጀ ሰላም አይገባም። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እንደ ማንኛውም አስቀዳሽ፣ በጥዶቹ መሐል ሽቅብ ወጣ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እስኪሰወር አየው። እኔም ከእግሩ ሥር ሆኜ አየሁት።

አጎቴ በዚያው አልተመለሰም። እናቴን ስጠይቃት «ደብረ ማርቆስ ሄደ» አለችኝ። ጣሊያን መንገድ እያሠራ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሥራ ይዞ መሰለኝ። በተለይ ቅዳሜ ገበያው መሐል ሰዎች አዩት ሲባል ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከገበያ ምን ይዞልኝ ይመጣ ይሆን እያልሁ ብዙ ቀን መንገድ መንገዱን አየሁ።

ገበያው መሐል ያዩት ተሰቅሎ ነው።

የያዙት ተንበርክኮ ሳለ እንደነበረም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቄስ አካለ ወልድ መስቀላቸውን ራሱ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሊሉ «እግዚአብሔር» ብለው እንደጀመሩ ባንዶቹ ከኋላ ደረሱ። ቃሉ አላለቀም። ሬሳው ሲለመን አልተሰጠም። አባቴ ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግለት ሲጠይቅም፣ ለተወገዘ ሰው ፍትሐት ማድረግ ተከልክሏል ተባለ።

ቄሱ ቤታችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ ገብቷል፤ እናቴ ማሬ ታናሽ እኅቴን ጥሩነሽን ከተገላገለች ጥቂት ቀን ነበር። ቄሱ የአራስ ቤት ስለሆነ አልገቡም። ከደጅ ቆመው አባቴን አስጠሩና መስቀሉን ዘረጉለት። አባቴ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ መስቀሉን ግን አልተሳለመም።

«ልጄ፣ ምነው?»

«አባቴ፣ ከእንግዲህ ይተዉኝ።»

«ሌላ የነፍስ አባት ያዝህ? ከያዝህ አልቀየምህም።»

«አልያዝሁም።»

«የፈረንጆቹን ሃይማኖት...»

«የእነሱንማ ምን ላደርገው!»

«ታዲያ የማን ልትሆን ነው?»

«የማንም።»

ቄስ አካለ ወልድ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰው የሌላ ወገን ሲሆን ምን እንደሚባል ያውቃሉ። የማንም ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማራቸውም።

እትዬ የብርጓልንም ይኸው ነገር አልገባት አለ። የጥሩነሽ የክርስትና እናት እንድትሆን የታጨችው እሷ ስለነበረች በየቀኑ ትመጣለች። እናቴ ከአልጋዋ፣ እሷ ከበርጩማዋ ላይ ሆነው ሲነጋገሩ እኔ ሽንብራ እየለቀምሁ አዳምጣለሁ።

«እኔን አትደብቂኝ፤ ሰውዬሽ ካቶሊክ ገባ እንዴ?»

«ኧረ አልገቡም።»

«እስላም ሆነ?»

«በስመ አብ! ምን ትያለሽ አንቺ?»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል አለ እንዴ? ወግ ነው! ሰው እኮ ሲሞት አንድ ቦታ ይቀበራል!»

«ረቡዕና ዓርብን አልሻሩም» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ የሚለምን ይመስል ነበር። «ለሚካኤል ቀንም በሬ አልጠመዱም። ለምን ይጾማሉ ብለው ሆዴ ለምዶ ነው አሉኝ። ማታ ማታ ግን አይጸልዩም። ከንፈራቸውን አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም።»

እኔ ግን ስለ ከንፈሩ አውቅ ነበር። ቄሱ የልብ ጸሎት የሚባል አለ ብለውናል። አባዬ እዚያ የደረሰ መስሎኝ በትልልቆቹ ሴቶች አላዋቂነት በልቤ ሳቅሁ።

ሐምሌ ላይ ብሳናዋ ሥር የሚቀመጡት ሁለት ሆኑ። ሁለተኛው የታረቀኝ የሚባል በልጅነቱ ከአጎቴ ጋር ከብት የጠበቀ ጎረምሳ ነው። ቀጥሎ ሌሎችም ተጨመሩ። ምንም አይሠሩም። አይጫወቱም፣ አይጠጡም፣ አይዘምሩም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝናብ ሲዘንብ እዚያው ይዘንብባቸዋል። ከሚካኤል ቅጥር ሆኜ ወደ ማዶ ሳይ ነጫጭ ጋቢዎቹ በየሳምንቱ ይበዛሉ፤ በእኛ በኩል የወንዶቹ መቆሚያ በየሳምንቱ ይሳሳል። እዚያ ማዶ ግንብ የሌለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን የተተከለ መሰለኝ። ታቦቱ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነበር የሚያስጨንቀኝ።

ታቦትም ሌላም አልነበረም። መሄጃ አጥተው ነው የተቀመጡት። ወደዚህ መምጣት አልቻሉም፤ እሑድ ጠዋት ደወል ሰምቶ ቤት መዋል ደግሞ አልሆነላቸውም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ውበቱ ደብረ ማርቆስ ያስተምራል። አምና ለጥምቀት ሊወስደኝ መጥቶ ከታቦቱ ኋላ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ሲጠብቀኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ጴንጤ ሆንህ እንዴ?» አልሁት። ሳቀ። «አይ እማዬ፣ ምንም አይደለሁም። ጓደኞቼም ግማሾቹ እንደዚያው ናቸው።» «ማን በደለህ? ቄስ ነው? ሰው ነው?» ብዬ እጁን ያዝሁት። «ኧረ ማንም አልበደለኝም። እንዲያው ነው» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ስለ አባቴ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውሁት። አባቴን ምን እንዳስወጣው አውቃለሁ፤ ባውቅም አልመለስሁትም። ይህ ደግሞ እንዲያው ነው አለኝ። ለእንዲያው ምን ይባላል? ቤቴ ገብቼ ለእሱ ስጸልይ ከምን እንዲያወጣው እንደምለምን አጣሁት።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጥሩነሽ ታመመች። ትክትክ ነው አሉ። ስትስል ፊቷ ይጠቁራል፤ ከዚያ ትንፋሽዋ እስኪመለስ ቤቱ ሁሉ አብሯት ትንፋሹን ይይዛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ያን ለመድረስ ገና ሳምንታት ቀርተዋታል። እናቷም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም። ቄስ አካለ ወልድ ግን በእትዬ የብርጓል ልከው ነበር፦ ሕፃን ከታመመ ቀን አይጠበቅም፣ ያምጡልኝ፣ ዛሬውኑ አጠምቃታለሁ።

አባቴ «በዚያ እጅ አትጠመቅም» አለ።

እናቴ ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አንቱ የማንም አይደለሁም ካሉ ምን እላለሁ፤ ትልቅ ሰው ነዎት። እሷ ግን ገና የማንም ሳትሆን ልትቀር ነው። ስም እንኳ የላትም። ጥሩነሽ የቤት ስም ነው፤ በዚህ ስም እዚያ ማን ብለው ይጠሯታል?»

«ዲማ፣ ሌላ ካህን ጋ እወስዳታለሁ።»

«በዚህ ዝናብ? የመንገዱ ወንዝ ሁሉ ሞልቶ? በምን ትንፋሽዋ ትደርሳለች?»

አባቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እትዬ የብርጓል ጎንበስ ብላ «ስጭኝ፤ በነጠላዬ ሥር ይዣት ሽው እላለሁ። ተጠምቃ ከመጣች በኋላ ምን ያደርገናል?» አለች። እናቴ ልጅቷን አነሣች። እጆችዋ እስከ የብርጓል ደረት ደርሰው እዚያው ቆሙ። አባቴ በሩ ላይ ነበር።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ።

በጋቢው ጠቅልሎ ከደረቱ አስጠጋት። ዝናቡ ካፊያ ነበር። እጄን ከያዘችው ከእትዬ የብርጓል ጋር ከኋላ ተከተልነው። እናቴ ከደጃፉ አላለፈችም። ዞር ብዬ ሳያት ወደ ሚካኤል አቅጣጫ ግንባሯን መሬት አስነክታ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ እየዘለልሁ ነው የወጣሁት፤ ክርስትና ማለት ድግስ ነው።

ደጀ ሰላሙ ሥር ሁለቱ ባንዶች እሳት አንድደው በቆሎ ይጠብሳሉ። አንደኛው ሲያየኝ «ና ማሙሽዬ... አይ ሴት ነሽ ለካ!» ብሎ ሳቀና አንድ እሸት ሰጠኝ። ትኩስ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥሁ ጋጥሁት። ጥሩ ሰዎች መሰሉኝ። እትዬ የብርጓል ከጥድ ሥር አስጠግታኝ ቆመች።

አባቴ ከበሩ ደፍ ወዲህ ቆመ። ቄስ አካለ ወልድ ከደፉ ወዲያ ነበሩ፤ መምጣቱን አይተው ልብሰ ተክህኖአቸውን ደርበዋል።

«ግባ ልጄ። ውሃው ተዘጋጅቷል፤ ዲያቆኑም አለ።»

«እገባለሁ። መጀመሪያ ግን የጀመሩትን ይጨርሱልኝ። አንድ ቃል ነው የቀረው።»

ቄሱ ወደ እሳቱ ሰረቅ አድርገው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በልቤ ጨርሼዋለሁ። በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።»

«ሲያስሩት በልብዎ ነበር?»

ቄሱ ዓይናቸውን ወደ ደፉ ጣሉ።

«ጮክ ብለው ነው እኮ ያሰሩት፣ አባቴ። እዚህ ቦታ፣ እዚህ ደረጃ ላይ። አገር ሁሉ አሜን ብሏል።»

«አስማማው፣ እነዚህ ይሰማሉ። ዛሬ ማታ ሚካኤል ይቃጠላል። ሕዝቡም አይተርፍም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«እኔም አላውቅም» አለ አባቴ። «ምን እንደሚያደርጉልኝ እኔም አላውቅም። ግን ሳይሉት አልገባም፤ እግሬ አይሄድልኝም።»

ይህን ቃል በቃል የነገረችኝ እትዬ የብርጓል ናት። እኔ በዚያን ጊዜ የሰማሁት ጉርምርምታቸውን ነው። ስለ ክርስትና ስሟ የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር፤ ሲከራከሩ ደግሞ እንደ ገበያ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወደፊት ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። አባቴ ዞር ብሎ ሁለት እርምጃ ሲሄድ አልደነገጥሁም። ገዢ ሲሄድ ሻጭ ይጠራዋል።

ቄሱም ጠሩት።

«እሷ ምን አደረገች?» አሉ፤ ይኸኛውን እኔም ሰማሁት፤ ጮኸው ነበርና። «እኔን አትይ። አንተ እዚያው ቁም፤ አትግባ። ልጅቷን ብቻ ስጠኝ!»

አባቴ ቆመ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ለረጅም ጊዜ ያየ መሰለኝ። ከዚያ ተመልሶ መጣና እግሮቹ ከደፉ ወዲህ እንደሆኑ ሁለት እጁን አሻግሮ ልጅቷን ሰጣቸው።

ቄስ አካለ ወልድ ተቀበሏት። ፊቷን ገለጡ። ጆሯቸውን ወደ አፍዋ አስጠጉ። ከዚያ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። ክርስትና ላይ አሮጊቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ የደስታ ነው ይላሉ። በቆሎዬን ጥዬ፣ ሴቶች ሲያደርጉ እንዳየሁት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለ በሌለ ድምፄ እልል አልሁ።

እትዬ የብርጓል በመዳፏ አፌን ከደነችው።

ሙት አይጠመቅም። ቄሱ አቅፈዋት ያ የተዘጋጀው ውሃ ድረስ ሄደው፣ አጠገቡ ቆመው፣ ተመለሱ። አባቴ አሁን እየለመነ ነበር። «ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከጥግ፣ ከአጥሩ ሥር እንኳ ይሁን።» የማንም አይደለሁም ያለው ሰው ለልጁ አንድ ክንድ መሬት ከሚካኤል ይለምን ነበር። ቄሱ «ሥርዓቱ...» ብለው ሊጨርሱት አልቻሉም። አባቴም ከልባቸው እንደሆነ ያወቀ መሰለኝ፤ «እሺ» ብቻ አለ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ቆፈረላት። ጭቃው ዶማውን ይዞ አልለቅ አለው። ቄስ አካለ ወልድ ልብሰ ተክህኖአቸውን አውልቀው ወጡና ዶማውን ከእጁ ተቀበሉት። ተራ በተራ ቆፈሩ። አልተነጋገሩም። ጸሎትም አልተሰማም። ባንዶቹ እሳታቸውን እየሞቁ ያዩአቸው ነበር፤ አንደኛው፣ በቆሎ የሰጠኝ፣ ቆቡን አወለቀ።

አንዳንዴ ሳስበው፣ ቄሱ ያን ቀን ቃሉን ቢናገሩት ኖሮ ደብሩ ይቃጠል ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህን የምጽፍ ላልሆን እችል ነበር። አባቴ ሳይከራከር ቢሰጣቸው ደግሞ ልጅቷ ትጠመቅ ነበር ወይስ በመንገድ ላይ ሞታ ነበር፣ ማንም አያውቅም። እናቴ እስክትሞት ይህን አንዱን ጥያቄ ሳትጠይቀው ኖረች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ቄስ አካለ ወልድ እዚያው ደረጃ ላይ ቆመው፣ ከአቅመ ደካማ በማይጠበቅ ድምፅ፣ የሽዋስንና ያወገዟቸውን ሁሉ በስማቸው ፈቱ። ሕዝቡ አለቀሰ። ብሳናዋ ሥር ይቀመጡ ከነበሩት ጥቂቶቹ ተመልሰው ገቡ። አባቴ ሰማ፤ ቄሱን በሩቁ እጅ ነሣ፤ ግን አልገባም። «ምነው አባዬ?» ስለው «አልተቆጣሁም እኮ» አለኝ። «ብሄድበትም እዚያ ውስጥ የሚጠብቀኝ ነገር ያለ አይመስለኝም።»

ያ ግን በኋላ ነው። እኔ የማስታውሰው የመስከረሙን እሑድ ነው፤ እናቴ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ቤተ ክርስቲያን የገባችበትን። በዚያ ቀን እናት ሕፃኗን አቅፋ ነው የምትሄደው፤ እሷ ነጠላዋን አቅፋ ሄደች። አባቴ አብሮን ወጣ። ወንዙን አልተሻገረም። እኔ በመሐላቸው ሆኜ የሁለቱንም እጅ ይዤ ነበር፤ አባዬ ተመለሰ ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደርሷል። በሩ ላይ ስንደርስ የአባቴ እጅ ከበደኝ። እስከዚህ የመጣ ሰው ጥቂት ጎተት ቢያደርጉት የሚገባ መስሎኝ በሙሉ ኃይሌ ጎተትሁት።

«ግቢ» አለኝ። «እናትሽ ብቻዋን እንዳትሆን።»

ገባሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ከበሩ በስተግራ፣ ሣር እንኳ ገና ያልበቀለበት ቦታ አጠገብ ቆሟል። የታረቀኝና ሌሎቹም ከማዶው መጥተው ከኋላው ቆመዋል። ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ያለው ወንድ ከውስጡ ይበዛ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ አካለ ወልድ ጠበል ይዘው ወደ በሩ ወጡ። ሰዉ እንደ ልማዱ ፊቱን እየሰጠ ተጋፋ፤ እኔም ሁለት ጠብታ አገኘሁ። ከዚያ እስከ ደፉ ድረስ መጥተው፣ ከመዳፋቸው ዘግነው፣ ውጭ ወደቆመው ወደ አባቴ ረጩ። ውሃው አልደረሰም። በመሐል ባለው ሣር ላይ ወደቀ። ደግመው ረጩ፤ አሁንም አልደረሰም። ሽማግሌ ናቸው፣ ክንዳቸው ደክሟል ብዬ «አባቴ፣ ጠጋ ብለው ይርጩት እንጂ!» አልኋቸው።

ዛሬ በእሳቸው ዕድሜ ነኝ። ክንዳቸው አልደከመም ነበር። ዶማውን እንዴት እንዳነሡት አይቻለሁ። ውሃው ቢደርስበት አባቴ በሕዝብ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዳይል ፈርተው ነው።